ወረደ ወይስ አልወረደም? ዓይነ ስውራን የሚጠቀሙበት የፋይል ማውረጃ ሶፍትዌር ምን ይፈልጋል

የአውሮፓ ኅብረት የተደራሽነት ሕግ ከሰኔ 21 ቀን 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 28 ቀን 2025) ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ተደራሽነት ሲባል አንድን ዕቃ ወይም አገልግሎት ማየት፣ መስማት ወይም እጁን እንደልብ ማንቀሳቀስ የማይችል ሰውም ራሱን ችሎ እንዲጠቀምበት አድርጎ መሥራት ማለት ነው። ይህ ጉዳይ በተነሳ ቁጥር ሁለት አባባሎች ይደጋገማሉ። አንዱ «ዓይነ ስውራን እኮ የሚያነብላቸው ሶፍትዌር አላቸው፣ ታዲያ ሌላ ምን ቀረ?» የሚል ነው። ሌላው «አሁንማ ኤአይ መጥቷል፣ ስክሪኑን እያየ ይነግራቸዋል» ይላል።

ሁለቱም በቅንነት የሚነገሩ ናቸው። ሁለቱም ግን ችግሩ የት እንዳለ አያሳዩም። ችግሩን ለማየት አንድ ተራ ሥራ መውሰድ ይበቃል፦ ፋይል ማውረድ፣ በየዕለቱ አነጋገራችን ዳውንሎድ ማድረግ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሚያይ ሰው ሊንኩን ይጫናል፣ ወደ ሌላ ሥራው ይመለሳል። በየመሀሉ ገልመጥ ይላል። 60 በመቶ ደርሷል። እንደገና ገልመጥ ይላል። አልቋል። ማውረጃ ሶፍትዌሮች ከሞላ ጎደል የሚሠሩት ሰው ገልመጥ ማለት ይችላል በሚል እሳቤ ነው። ያ ሲወገድ በምን ይተካ? ይህ ጽሑፍ የሚያነሳው ይህንን ጥያቄ ነው።

ፋይሉ ራሱ መጽሐፉ ነው

«ለዳውንሎድ ይህን ያህል ምን ያስጨንቃል?» የሚል ይኖራል። ለማየት ለተሳነው አንባቢ ግን የታተመ መጽሐፍ ዝግ ነው። ብሬይል (በጣት እየተዳሰሰ የሚነበበው የነጥብ ጽሑፍ) ትልቅ ነገር ነው፤ ሆኖም በብሬይል የታተመ መጽሐፍ ግዙፍ ነው፣ ለማተምም ውድ ነው። አንድ መጽሐፍ በብሬይል ብዙ ጥራዝ ይወጣዋል። ስለዚህ ዛሬ ለብዙ ዓይነ ስውራን መጽሐፍ ማለት ፋይል ነው።

ሕጉም በዚህ አቅጣጫ ሄዷል። በ2013 በማራኬሽ የጸደቀው ዓለም አቀፍ ስምምነት የቅጂ መብት ሕጎች ላይ ልዩ ሁኔታ አስቀምጧል። በዚህ መሠረት ዕውቅና ያላቸው ተቋማት የታተሙ ሥራዎችን ማየት ለተሳናቸው ሰዎች በሚመች መልክ ማዘጋጀትና ከአገር አገር መላክ ይችላሉ። ስምምነቱ በ2016 ሥራ ላይ ዋለ። ኢትዮጵያ በ2020 ተቀላቀለች። እንደ ቡክሼር ያሉ የኦንላይን ቤተ መጻሕፍት መጽሐፎቻቸውን ለአባላት የሚሰጡት በፋይል ነው። አንዱ ቅርጸት ዴይዚ ይባላል። ድምፅንና ጽሑፍን ከነምዕራፎቹ አብሮ ስለሚይዝ አንባቢው ከምዕራፍ ምዕራፍ መዝለል ይችላል።

በእኛ አገር ደግሞ ብዙው ነገር የሚያልፈው በቴሌግራም ነው። የትምህርት ማስታወሻ፣ ፒዲኤፍ፣ በድምፅ የተተረከ ልብ ወለድ፣ ስብከት፣ ሁሉም እዚያ አለ። የቅጂ መብቱ ጉዳይ ለብቻው የሚታይ ነው። እዚህ ላይ የሚያስፈልገን ነጥብ አንድ ነው፦ ፋይሉን ማውረድ ያልቻለ ሰው መጽሐፉንም አላገኘም።

ስክሪን ሪደር ስክሪኑን አያይም

ስክሪን ሪደር የኮምፒውተሩን ይዘት በድምፅ የሚያነብ ወይም ወደ ብሬይል ማሳያ፣ ማለትም ጽሑፉን በሚዳሰሱ ነጥቦች ወደሚያወጣ መሣሪያ፣ የሚልክ ሶፍትዌር ነው። በዊንዶውስ ላይ በብዛት የሚሠራባቸው ሁለት ናቸው። ጆውስ የቆየና የሚገዛ ነው። ኤንቪዲኤ ደግሞ ነፃ ነው፤ ማይክል ከረን የተባለ ዓይነ ስውር አውስትራሊያዊ በ2006 የጀመረው ነው።

ስሙ ያሳስታል። «ስክሪን አንባቢ» ስለተባለ ስክሪኑን እንደ ሰው ዓይን የሚያይ ይመስላል። አያይም። የሚያደርገው ሌላውን ፕሮግራም መጠየቅ ነው። አሁን ተጠቃሚው ያለበት ነገር ስሙ ማን ነው? ዓይነቱ ምንድን ነው፣ ቁልፍ ነው፣ ዝርዝር ነው፣ የጽሑፍ ሳጥን? አሁን በምን ሁኔታ ላይ ነው፣ ተመርጧል፣ ተዘግቷል፣ 40 በመቶ ላይ ነው? ፕሮግራሙ ከመለሰ ስክሪን ሪደሩ ይናገራል። ካልመለሰ ዝም ይላል።

ይህ ጥያቄና መልስ የሚካሄድበት መንገድ አክሰሲቢሊቲ ኤፒአይ ይባላል። ኤፒአይ ማለት ሁለት ፕሮግራሞች የሚግባቡበት የተስማሙበት ደንብ ነው። ማይክሮሶፍት የመጀመሪያውን በ1997 አወጣ። ዛሬ በዋናነት የሚሠራበት ተተኪው ዩአይ ኦቶሜሽን ይባላል።

ፕሮግራመሩ የዊንዶውስን የራሱን ቁልፎችና ዝርዝሮች ከተጠቀመ መልሶቹ አብረው ይመጣሉ። ብዙ አይለፋም። ቁልፉን ከባዶ በራሱ ከሳለው ግን፣ ለዊንዶውስ ያ ቁልፍ ሳይሆን ባለቀለም ሥዕል ነው። የብዙ ማውረጃ ሶፍትዌሮች ችግር እዚህ ላይ ይጀምራል። አምረው የተሳሉ ምልክቶች ይደረደራሉ፣ ስም አይሰጣቸውም። ስክሪን ሪደሩ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ «በተን፣ በተን፣ በተን» (ቁልፍ፣ ቁልፍ፣ ቁልፍ) ይላል። የትኛው ማስጀመሪያ፣ የትኛው ማጥፊያ እንደሆነ ማወቅ አይቻልም።

ለዚህ ከቴሌግራም የተሻለ ምሳሌ የለም። ቴሌግራም ዴስክቶፕ የተሠራው ኪውቲ በተባለ መሣሪያ ነው፤ የሚታየውን አብዛኛውን ነገር ግን ራሱ ይስለዋል። በዚህ የተነሳ ለዓመታት በስክሪን ሪደር ለመጠቀም እጅግ አስቸጋሪ ሆኖ ቆይቷል። ዩኒግራም የተባለው ሌላ የዊንዶውስ ፕሮግራም ደግሞ ከዚያው ከቴሌግራም አገልግሎት ጋር ይገናኛል። እሱ የተሠራው በዊንዶውስ የራሱ መሣሪያዎች ነው። ብዙ ዓይነ ስውራን የሚመርጡት እሱን ነው። አካውንቱ ያው፣ ቻናሉ ያው፣ ፋይሉም ያው ነው። የተለየው ቁልፎቹ የተሠሩበት መንገድ ብቻ ነው።

ለጀማሪ ፕሮግራመሮቻችንም አንድ ነገር መነገር አለበት። ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የሚማር ተማሪ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን መስኮት የሚሠራው ቲኪንተር በተባለ መሣሪያ ነው። ከፓይተን ጋር አብሮ ስለሚመጣ ይመቻል። በቲኪንተር የተሠሩ መስኮቶች ግን በዊንዶውስ ላይ ለስክሪን ሪደር ባዶ ሆነው ነው የኖሩት። ተማሪው በጎ አስቦ ለዓይነ ስውራን ማውረጃ ቢሠራ እንኳ፣ መሣሪያውን ሲመርጥ ሥራው ገና ሳይጀመር ሊበላሽ ይችላል። ደብሊውኤክስ ፓይተን የተባለው መሣሪያ የዊንዶውስን የራሱን ቁልፎች ይጠቀማል። የኤንቪዲኤ የራሱ መስኮቶችም የተሠሩት በእሱ ነው። ዓይነ ስውራን ፕሮግራመሮች የሚወዱት ያለ ምክንያት አይደለም።

መቼ ይናገር? መቼ ዝም ይበል?

ቁልፎቹ ሁሉ ስም አገኙ እንበል። አሁን የማውረጃ ሶፍትዌር ልዩ ችግር ይመጣል። ይህ ሶፍትዌር ተጠቃሚው ምንም ሳይነካው በየሰከንዱ ይለዋወጣል። ፍጥነቱ ይለወጣል፣ መቶኛው ይጨምራል፣ የቀረው ደቂቃ ይቀንሳል። ዓይን ይህንን ሲፈልግ ያያል፣ ሳይፈልግ ይተወዋል። ጆሮ እንዲህ አይደለም። የተነገረውን ሁሉ ይሰማል።

ሁለት ስህተቶች አሉ። አንደኛው ጨርሶ ዝም ማለት ነው። ተጠቃሚው ፋይሉ እየወረደ ይሁን ተቋርጦ አያውቅም። በየደቂቃው እየተመለሰ በታብ ቁልፍ ሁሉንም እየነካ መፈለግ ግድ ይሆንበታል። ሁለተኛው ስህተት የበጎ ፈቃደኛ ፕሮግራመር ስህተት ነው፦ ሁሉንም መናገር። «12 በመቶ፣ 13 በመቶ፣ 14 በመቶ» እያለ ሲቀጥል ሰውየው ኢሜይሉን ማንበብ አይችልም። ከዝምታው ይልቅ ይህኛው ቶሎ ያሰለቻል፣ ብዙዎችም ፕሮግራሙን የሚያጠፉት በዚህ ነው።

ኤንቪዲኤ ለዚህ ደስ የሚል መላ አለው። የሂደት መለኪያውን (ፕሮግረስ ባር የሚባለውን) በአጫጭር ድምፆች ያሰማል። ሥራው እየገፋ በሄደ ቁጥር ድምፁ እየቀጠነ ይሄዳል። ቃል ስለሌለው ከሌላ ንባብ ጋር ብዙ አይጋጭም። ተጠቃሚው በአንድ አቋራጭ (አብረው በሚጫኑ የኪቦርድ ቁልፎች) ወደ ንግግር ሊቀይረው ወይም ሊዘጋው ይችላል። አንድ ፋይል ብቻ ሲወርድ በጣም ጥሩ ነው። አምስት ፋይል አብሮ ሲወርድ ግን የትኛው ድምፅ የየትኛው እንደሆነ መለየት ያዳግታል። ስለዚህ ጥሩ ማውረጃ ለሁሉም ፋይሎች አንድ የጋራ መለኪያ ያቀርባል፣ የየግሉን ደግሞ ሲጠየቅ ብቻ ይናገራል።

ሲጠየቅ ብቻ የሚለው ሐሳብ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። የገልመጥታ ምትክ የሚሆነው እሱ ነው። ቀላሉ ዘዴ መቶኛውን በመስኮቱ ርዕስ ላይ መጻፍ ነው። በጆውስም ሆነ በኤንቪዲኤ ርዕስ የሚያነብ አቋራጭ ስላለ፣ ተጠቃሚው በሁለት ቁልፍ «63 በመቶ፣ ሦስት ፋይል ቀርቷል» ብሎ ይሰማል። ለፕሮግራመሩ ይህ የአንድ መስመር ኮድ ሥራ ነው።

ሳይጠየቅ መነገር ያለበት ጥቂት ነው። ተጀመረ፣ አለቀ፣ ተቋረጠ። በድረ ገጾች ላይ ይህንን የሚመራ ደንብ አለ። የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያው በ2018 ሲሻሻል፣ እንዲህ ያሉ የሁኔታ መልእክቶች ተጠቃሚው ያለበትን ቦታ ሳያስለቅቁ ለስክሪን ሪደር መድረስ አለባቸው የሚል መስፈርት ጨምሯል። መልእክቱ በለሆሳስ ተራውን ጠብቆ እንዲነገር ወይም ንግግር አቋርጦ እንዲገባ መምረጥ ይቻላል። ፋይል ማለቁ ተራውን ቢጠብቅ ይሻላል። ዲስኩ መሙላቱ አቋርጦ ቢገባ ያስኬዳል።

አንድ ድብቅ ስህተት ልጨምር። ብዙ ማውረጃዎች በየሰከንዱ ዝርዝሩን ሙሉ በሙሉ አጥፍተው እንደገና ይጽፉታል። ለዓይን ምንም የተለወጠ ነገር የለም። ለስክሪን ሪደር ግን ተጠቃሚው የቆመበት መስመር ጠፍቷል። ሰባተኛው ፋይል ላይ የነበረ ሰው ሳያስበው የመጀመሪያው ላይ ይገኛል። ያን ጊዜ የማጥፊያ ቁልፍ ቢጫን የማይፈልገውን ፋይል ያጠፋል። መፍትሔው የተለወጠውን ቁጥር ብቻ መቀየር ነው።

ሐሰተኛ ቁልፎችና የማይነበቡ ስሞች

ችግሩ ከሶፍትዌሩ በፊት ድረ ገጹ ላይም አለ። በማስታወቂያ የተሞሉ የማውረጃ ገጾች ላይ «ዳውንሎድ» የሚል አምስትና ስድስት ቁልፍ ይኖራል። የሚያይ ሰው እውነተኛውን በቦታው፣ በመጠኑ፣ በመልኩ ይጠረጥራል። የሚሰማ ሰው ግን ስድስት እኩል «ዳውንሎድ» ይሰማል። አንዱ ፋይሉ ነው፤ ከቀሩት አንዱ ቫይረስ ሊሆን ይችላል። ጥሩ ማውረጃ እዚህ ላይ ማገዝ ይችላል። ሊንኩ ከተቀዳ በኋላ፣ ማውረዱ ሳይጀመር፣ የፋይሉን ስም፣ ዓይነቱን፣ መጠኑንና የሚመጣበትን አድራሻ ይናገራል። ዘፈን የፈለገ ሰው «የሚጫን ፕሮግራም» ሲባል ቆም ይላል።

ስሙን በተመለከተ አማርኛ የራሱ ጣጣ አለው። በኢንተርኔት አድራሻ ውስጥ የግዕዝ ፊደል በቀጥታ አይሄድም፤ ወደ ኮድ ይለወጣል። እያንዳንዱ ፊደል በኮምፒውተር ሦስት ባይት ይይዛል፣ እያንዳንዱ ባይት ደግሞ በአድራሻው ላይ በሦስት ምልክት ይጻፋል። አንድ ፊደል ዘጠኝ ምልክት ሆነ ማለት ነው። «ሰላም» የሚል ስም ያለው ፋይል 27 ምልክት ይሆናል። ማውረጃው ይህንን መልሶ ካልፈታው ስክሪን ሪደሩ «ፐርሰንት ኢ 1 ፐርሰንት 88 ፐርሰንት ቢ 0» እያለ ይቀጥላል። ያ ገና «ሰ» ነው። አሥር ምዕራፍ ያለው ትረካ ያወረደ ተማሪ የትኛው ምዕራፍ ሦስት እንደሆነ ለማወቅ ምን ያህል መስማት እንዳለበት መገመት ነው። ለመፍታት የሚያስፈልገው ኮድ በአብዛኞቹ የፕሮግራም ቋንቋዎች ውስጥ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል።

ስሙ ከተፈታ በኋላም አማርኛ የሚያነብ ድምፅ ያስፈልጋል። ከኤንቪዲኤ ጋር የሚመጣው ኢስፒክ ኤንጂ የተባለ የንግግር ሶፍትዌር አማርኛን ያነባል። ድምፁ ደረቅ ነው፣ ግን ፊደሉን ያውቃል። የእንግሊዝኛ ድምፅ ብቻ ያለው ስክሪን ሪደር በአማርኛ ስም ላይ ብዙ አይረዳም።

መብራት ሲሄድ

መብራት ወይም ኔትወርክ ሲሄድ ማውረዱ ይቋረጣል። ከተቋረጠበት መቀጠል የሚቻለው ሰርቨሩ ማለትም ፋይሉን የሚልከው ኮምፒውተር ከፈቀደ ነው። ማውረጃው «ከዚህ ባይት ጀምረህ ላክልኝ» ብሎ ይጠይቃል። ሰርቨሩ ከተስማማ 206 የሚል ቁጥር ይመልሳል። ካልተስማማ 200 ብሎ ፋይሉን ከሀ ይጀምራል።

ሁለተኛው ሲሆን የሚያይ ሰው መለኪያው ከ80 ወደ ዜሮ ሲወድቅ ያያል፣ ሊያቆመውም ይችላል። የማያይ ሰው ካልተነገረው አያውቅም። የኢንተርኔት ጥቅሉ ሲያልቅ ነው የሚነቃው። በሜጋባይት ለሚከፍል ሰው ይህ በቀጥታ ገንዘብ ነው። ስለዚህ «ይህ ፋይል ከተቋረጠ እንደገና ይጀምራል» የሚል ማሳሰቢያ አስቀድሞ መነገር አለበት። ስህተትም በቀይ ቀለም ብቻ መገለጽ የለበትም።

ለብቻ ይሠራ ወይስ የሁሉም ይስተካከል?

በዚህ ጉዳይ ላይ ዓይነ ስውራን ፕሮግራመሮች ራሳቸው አንድ አቋም የላቸውም። አንደኛው ወገን ለዓይነ ስውራን ተብሎ የተሠራ ትንሽ ፕሮግራም ይሻላል ይላል። ሊንክ ማስገቢያ ሳጥን፣ ዝርዝር፣ ጥቂት አቋራጮች፣ በቃ። ትልልቆቹ ኩባንያዎች እስኪያስተካክሉ መጠበቅ ዕድሜ ይፈጃል ነው ክርክራቸው። እውነት አላቸው፣ ዛሬም ብዙ ሰው ሥራውን የሚሠራው በእንዲህ ዓይነት ነፃ ፕሮግራሞች ነው።

ሌላው ወገን የዚህን መንገድ ድካም ያሳያል። እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ሰው ሥራ ናቸው። ያ ሰው ሥራ ሲበዛበት ወይም ሲሰለች ፕሮግራሙ ይቆማል። በተለይ ከቪዲዮ ድረ ገጾች የሚያወርዱት ድረ ገጹ አሠራሩን በለወጠ ቁጥር ይሰበራሉ፣ ብዙዎቹ ድረ ገጾችም በደንባቸው ማውረድን ይከለክላሉ። ደግሞም አንዳንዶቹ የራሳቸውን ድምፅ ይዘው ይመጣሉ። ያን ጊዜ ከስክሪን ሪደሩ ጋር ሁለት ድምፅ አብሮ ያወራል። ከሁሉ የከፋው ግን ፕሮግራሙ ራሱ የሚናገረው ነገር ብሬይል ማሳያ ላይ አይወጣም። ማየትም መስማትም የተሳነው ሰው ጨርሶ ይቀራል።

ሦስተኛ መንገድም አለ፦ በቁልፍና በመስኮት ፈንታ በሚጻፍላቸው ትዕዛዝ የሚሠሩት የቆዩ መሣሪያዎች። ደብሊውጌት ከ1996፣ ከርል ከ1998 ጀምሮ አሉ። ሁሉም ነገር ጽሑፍ ስለሆነ ምልክትና ሥዕል የላቸውም። የተቋረጠ ፋይል ያስቀጥላሉ። ኮምፒውተር ጠልቆ የሚያውቅ ዓይነ ስውር ይወዳቸዋል። ለተራው ተጠቃሚ ግን ትዕዛዝ መሸምደድ ከባድ ነው፤ መቶኛውን በአንድ መስመር ላይ ደጋግመው ስለሚጽፉም ካልተዘጋ ስክሪን ሪደሩ ይለፈልፋል።

በእኔ እይታ የሚያዋጣው ለሁሉም የተሠራ፣ የዊንዶውስን የራሱን ቁልፎች የሚጠቀም፣ የራሱን ድምፅ ሳይዝ በስክሪን ሪደሩ በኩል የሚናገር ፕሮግራም ነው። ትንንሾቹ ፕሮግራሞች እስከዚያው ያሻግራሉ። ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት ቢሆን ሠሪው ሲተው ሌላ ሰው ሊያነሳው ይችላል።

ኤአይን በተመለከተ፣ እርዳታው እውነት ነው። ከ2023 ወዲህ ምስል የሚገልጹ አገልግሎቶች ለዓይነ ስውራን ብዙ በር ከፍተዋል። ስም የሌለው ቁልፍ ሲገጥም አንድ ጊዜ ጠይቆ ለማለፍ ይጠቅማሉ። ነገር ግን ለእያንዳንዱ ገልመጥታ የስክሪን ፎቶ ወደ ሰርቨር መላክ ጊዜና ዳታ ይፈጃል፣ በስክሪኑ ላይ ያለ የግል ነገርም አብሮ ይሄዳል። ይሳሳታልም። «63 በመቶ» ማለት ፕሮግራሙ ራሱ በእርግጠኝነት የሚያውቀው ቁጥር ሆኖ ሳለ ሌላ ማሽን ከፎቶ እንዲገምተው ማድረግ ዙሪያ ጥምጥም ነው።

ሕጉ የሚደርሰውና የማይደርሰው

የአውሮፓው ሕግ ኮምፒውተሮችንና ስርዓተ ክወናዎችን፣ ስማርት ስልኮችን፣ የባንክ አገልግሎትን፣ የኦንላይን ግብይትንና ኢ-መጻሕፍትን ይዘረዝራል። ፋይል ማውረጃ ሶፍትዌር በዝርዝሩ ውስጥ ለብቻው አልተጠቀሰም። መጽሐፉ የሚሸጥበት ገጽ ተደራሽ ሆኖ መጽሐፉ የሚወርድበት ፕሮግራም ላይሆን ይችላል። ኢትዮጵያም በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በአንቀጽ 9 የመረጃ ቴክኖሎጂን ተደራሽነት ይጠይቃል። ይህ ግን በአንድ ተማሪ ላፕቶፕ ላይ እስኪታይ መሀሉ ላይ ሥራ አለ።

ከሥራው አንዱ ክፍል ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ኤንቪዲኤ በነፃ ይጫናል። ፕሮግራመሩ ሞኒተሩን ያጠፋል፣ ማውሱን ይነቅላል። ሊንክ ይቅዳ፣ ፋይሉን ያስጀምር፣ መሀል ላይ ዋይፋዩን ይዝጋ፣ መልሶ ያስቀጥል፣ በመጨረሻም የወረደውን ፋይል ፈልጎ ይክፈት። የተጣበቀበት ቦታ ሁሉ መስተካከል ያለበት ቦታ ነው። ይህ ፈተና ግን ዓይነ ስውር ፈታኝን አይተካም። የሚያይ ሰው ሲቸግረው ሞኒተሩን መልሶ ይከፍታል፤ ቁልፎቹ የት እንዳሉም ራሱ ስለሠራቸው አስቀድሞ ያውቃል። በየቀኑ በስክሪን ሪደር የሚሠራ ሰው ተቀጥሮ መፈተን አለበት፣ ክፍያውም በፕሮጀክቱ በጀት ውስጥ ከመጀመሪያው ቀን ይያዝ።